ከመቶ ስንቱ ተቀጣ?

የዛሬው ርዕስ በብሪታንያ ሳንክሽን የሚባለው የድጎማ ቅጣት ነው። የሥራ አጥ ድጎማ የሚቀበል ሰው ጆብ ሴንተር ከሚባለው የመንግሥት ሥራ አገናኝ ቢሮ ቀጠሮ ሲቀር፣ ወይም ሥራ ሲፈልግ መቆየቱን ማሳየት ሲያቅተው ገንዘቡ ይቆረጣል። በየቡና ጨዋታው ግን “የሚቀጡትማ ጥቂቶች ናቸው፣ ምን ያስፈራል?” ሲባል ይሰማል።

አባባሉ መነሻ አለው። የብሪታንያ የሥራና የጡረታ ሚኒስቴር ደጋግሞ የሚጠቅሰው በአንድ ወር ውስጥ የተቀጡትን ብቻ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 አካባቢ ይህ ከመቶ 5 ወይም 6 ሰው ገደማ ነበር። እንዲህ ሲባል በእርግጥም ትንሽ ይመስላል።

ይሁን እንጂ በሚያዝያ የተቀጣውና በግንቦት የተቀጣው አንድ ሰው ላይሆን ይችላል። ወሩ አልቆ ሌላው ሲተካ አዳዲስ ሰዎች ይጨመራሉ። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ዴቪድ ዌብስተር ለዓመታት ሲሞግቱ የቆዩት በዚህ ጉዳይ ላይ ነው። ቆጠራው ዓመቱን ሙሉ በሰው በሰው ሲሠራ፣ በ2013/14 የበጀት ዓመት ጆብሲከርስ አላወንስ የሚባለውን የሥራ አጥ ድጎማ ከጠየቁት ከመቶ 18ቱ ያህል ቢያንስ አንድ ጊዜ ተቀጥተዋል። ብሔራዊው የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2016 ባወጣው ሪፖርት ደግሞ ከ2010 እስከ 2015 ያለውን ጊዜ አንድ ላይ ሲያየው ቁጥሩ ወደ 24 በመቶ ከፍ አለ። ከአራት ሰው አንዱ ማለት ነው።

ሌላም ስውር ጉድለት ነበር። አንድ ሰው ይግባኝ ብሎ ቅጣቱ ቢነሣለት፣ መዝገቡ የሚያሳየው የመጨረሻውን ውሳኔ ስለነበር ሰውየው ከተቀጡት መካከል አይቆጠርም። ይግባኙ እስኪታይ ያለ ገንዘብ ያሳለፋቸው ሳምንታት ግን የትም አልተመዘገቡም። በ2015 የአገሪቱ የስታትስቲክስ ባለሥልጣን ሚኒስቴሩ የአኃዞቹን አቀራረብ እንዲያሻሽል አሳስቧል።

አሁን ዩኒቨርሳል ክሬዲት በሚባለው የድጎማ ሥርዓት ሥር ሚኒስቴሩ የሚያሳየው አንዱ መለኪያ በወሩ የቆጠራ ቀን ገንዘቡ እየተቆረጠበት ያለውን ሰው ነው። ቅጣቱ ከዚያ ቀን በፊት ያለቀለት አይገባበትም።

ቁጥሩ ወደ ጓዳ ሲገባ ምን ይመስላል? በ2015 ዕድሜው 25 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ብቸኛ ሰው በሳምንት የሚያገኘው 73 ፓውንድ ከ10 ፔንስ ነበር። አንድ ቀጠሮ ቢያመልጠውና የአራት ሳምንት ቅጣት ቢወሰንበት 292 ፓውንድ ከ40 ፔንስ ያጣ ነበር። በዓመቱ ውስጥ ከደገመው ቅጣቱ 13 ሳምንት ይሆን ነበር፤ ያ 950 ፓውንድ ገደማ ነው።

ቅጣቱ ሰውን ቶሎ ወደ ሥራ ይመልሳል የሚለው ክርክርም አልጸናም። ሚኒስቴሩ ራሱ በ2023 ይፋ ያደረገው ረቂቅ ጥናት፣ በዩኒቨርሳል ክሬዲት የተቀጡ ሰዎች ሥራ የሚይዙት ዘግይተው እንደሆነና ገቢያቸውም ዝቅ እንደሚል አሳይቷል።

በቅርብ ዓመታት ከአሥር ሳንክሽን ዘጠኙ ገደማ የሚመጣው ከቀጠሮ በመቅረት ነው። ስለዚህ ተቀባዩ የዩኒቨርሳል ክሬዲት የኢንተርኔት ጆርናሉን በየቀኑ ማየት አለበት። መቅረት ግድ ከሆነ አስቀድሞ እዚያው ላይ ይጻፍ፤ የሐኪም ወረቀት ወይም የዘገየ ባቡር ማስረጃም ይቀመጥ። እንግሊዝኛ የሚከብደው ሰው አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላል። ውሳኔው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይገባል፤ ያ ካልሠራ ጉዳዩ ወደ ገለልተኛው ትሪቡናል ይሄዳል። የችግር ጊዜ ክፍያ የሚባለውም መጠየቅ ይቻላል፤ ዩኒቨርሳል ክሬዲት ላይ ግን ይህ ገንዘብ ብድር ስለሆነ ኋላ ከሚመጣው ክፍያ ላይ ይቆረጣል።