የፍሪጅ ጋዝ አለቀ ከተባለ የት ሄደ?

በማኅበራችን የወር ስብሰባ ላይ ከመሣሪያ ኮሚቴው የቀረበ ንግግር

 

ዛሬ እንድንናገር የተጠየቅነው ስለ ፍሪጅ ጋዝ ነው። ጥያቄው የመጣው ከገንዘብ ያዣችን ነው። ሰሞኑን ከቁጠባችን ለጥገና ብድር የጠየቁ አባላት ምክንያታቸው አንድ ዓይነት ሆነባት፤ «ጋዝ አልቋል ተባልኩ»። አንዷ እኅታችን ለአንድ ፍሪጅ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ጋዝ አስሞልታለች። ሦስተኛውን የከፈለችው በግ ሸጣ ነው። ፍሪጁ ዛሬም አያቀዘቅዝም።

ወተት ለምንሸጥ፣ በጾም ወራት የማይሸጠውን ንጠን ቅቤውን ለምናስቀምጥ ሴቶች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከመካከላችን የስኳር መድኃኒታቸውን ፍሪጅ ውስጥ የሚያስቀምጡም አሉ። ስለዚህ ኮሚቴው ከሁለት የጥገና ባለሙያዎች ጋር ቁጭ ብሎ ጠይቋል፣ ሲሠሩም ቆሞ አይቷል። የተረዳነውን እንነግራችኋለን፤ በመጨረሻም ድምፅ የምትሰጡበት ሐሳብ እናቀርባለን።

ዋናው ነገር ይህ ነው፦ የፍሪጅ ጋዝ አይበላም። ቡታጋዝ ይቃጠላል፣ ያልቃል፣ እንደገና ይሞላል። የፍሪጅ ጋዝ ግን አይቃጠልም። በታሸገ ቱቦ ውስጥ እየዞረ አንዱን ሥራ ይደጋግማል። ቱቦው ደህና እስከሆነ ድረስ ፋብሪካ የሞላው ጋዝ ፍሪጁ እስኪያረጅ ሊያገለግል ይችላል። ጋዙ ጎድሎ ከሆነ አንድ ቦታ ወጥቷል ማለት ነው። የወጣበት ሳይደፈን አዲስ ቢሞላ፣ በተቀደደ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው።

ሥራውን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ ድስታችን ይነግረናል። ሸዋ ሮቢት የተዳረች ልጅ ያለቻችሁ ታውቃላችሁ፤ እዚያ ቶሎ የሚበስል ባቄላ እዚህ ደብረ ብርሃን ማገዶ ይፈጃል። አንኮበር ላይ የሚያስቸግረው ክክ አልዩ አምባ ሲወርዱ ይቀላል። ምክንያቱ ከፍታው ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል ወደ 2,800 ሜትር ከፍ ያለች ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ውኃው ላይ የሚጫነው ግፊትም አነስተኛ ነው። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውኃ እዚህ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ፈላ እንጂ እንደ ቆላው አልጋለም፣ ባቄላውም ይዘገያል።

ፍሪጅም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። በውስጡ ያለው ጋዝ ግፊት ሲቀንስለት በጣም በቀዝቃዛ ቦታም ይፈላል። ሲፈላ ሙቀት ይፈልጋል፤ ያንን ሙቀት ከወተታችን ይወስዳል። ከዚያ ሞተሩ ይጨምቀዋል። ከጀርባ ባለው ጥቁር ፍርግርግ ውስጥ ሲያልፍ የወሰደውን ሙቀት ወደ ቤቱ ይለቅና ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። የፍሪጅ ጀርባ የሚሞቀው ለዚህ ነው። ፍሪጅ ሙቀትን ከአንድ ቦታ ቀድቶ ሌላ ቦታ የሚደፋ መሣሪያ ነው ማለት ነው። በብርድ አገር ያሉ ልጆቻችን ቤታቸውን የሚያሞቁበት «ሂት ፓምፕ» የሚባለውም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ ልዩነቱ ሙቀቱን ከደጅ ቀድቶ ወደ ቤት ማስገባቱ ነው። አውሮፓ ውስጥ የእንዲህ ያለውን መሣሪያ ጋዝ እንዲነካ የሚፈቀድለት የምስክር ወረቀት ያለው ባለሙያ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ፍሪጅ አላቀዘቅዝ ሲል ሁልጊዜ ጋዝ አይደለም። የእኛን አገር በተለይ የሚያታልል አንድ ነገር አለ፣ እሱም ራሱ ብርዱ ነው። ብዙዎቹ ባለ አንድ ሞተር ፍሪጆች ሞተራቸውን የሚያዙት የታችኛውን ክፍል ቅዝቃዜ በመለካት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ፍሪጁ በረንዳ ላይ ወይም እሳት በማይነድበት ጓዳ ከቆመ፣ የታችኛው ክፍል ያለ ሞተር ይቀዘቅዛል። ሞተሩ «በቃኝ» ብሎ ዝም ይላል። በዚያ ጊዜ የላይኛው በረዶ ቤት ይቀልጣል፣ ሥጋውም ይበላሻል። ባለቤቷ «ጋዝ አለቀ» ትላለች፤ ጋዙ ግን ሙሉ ነው።

መለያው ቀላል ነው፦ ሞተሩን አዳምጡ። ጋዝ የጎደለው ፍሪጅ ሞተሩ ሳያርፍ ይሠራል። በረዶው በአንድ ጥግ ብቻ ይይዛል፣ የጀርባው ፍርግርግም እንደ ወትሮው አይሞቅም። ብርድ ያታለለው ፍሪጅ ግን ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ዝም ይላል። እንዲህ ከሆነ ሞቅ ወዳለ ክፍል አስገቡትና አንድ ሁለት ቀን ጠብቁ። በረዶ ቤቱ ከያዘ ገንዘባችሁ ተረፈ። ፍሪጅ ስትገዙም ምልክቱን ተመልከቱ። «ኤስ ኤን» የሚል የፈረንጅ ፊደል ያለበት ከ10 ዲግሪ ጀምሮ ለሚቀዘቅዝ ክፍል የተሠራ ነው። «ኤን»፣ «ኤስ ቲ» ወይም «ቲ» ብቻ ያለበት ከ16 ዲግሪ በታች ለሆነ ክፍል አልተሠራም።

ከዚህ ሌላ የበሩን ጎማ እዩ። የብር ኖት በበሩ መካከል አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት፤ ሳይይዝ ከወጣ ጎማው ላልቷል። የጀርባውን ፍርግርግ አቧራ አራግፉ። ሞተሩ ቀጭ ብሎ ተነሥቶ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነም የመብራት ኃይሉ አንሶ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሁሉ ያለ ጋዝ የሚታዩ ናቸው።

ጋዙ በእርግጥ ከጎደለስ? መጀመሪያ ቀዳዳው ይፈለግ። አንዱ የታወቀ ምክንያት ከራሳችን ቢላ ነው። በረዶ ቤቱን በቢላ ወይም በሹካ ስንፍቅ ከሥር ያለው ስስ ቱቦ ይበሳል። ስለዚህ በረዶ ይቅለጥ እንጂ አይፋቅ፤ ፍሪጁን ነቅሎ በሩን ከፍቶ ማሳደር ይበቃል።

ባለሙያው ቀዳዳውን የሚፈልገው ደረቅ ናይትሮጅን ወደ ቱቦው አስገብቶ መገጣጠሚያውን የሳሙና አረፋ በመቀባት ነው። አረፋው ከተነፋ ቀዳዳው እዚያ ነው፤ ለቡታጋዝ ጎማ እኛም የምናደርገው ነው። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ናይትሮጅን የለኝም ብሎ የብየዳውን ኦክሲጅን ወደ ቱቦው ሊያስገባ የሚነሣ ካለ አስቁሙት። ኦክሲጅን በግፊት ከሞተሩ ዘይት ጋር ሲገናኝ ሊፈነዳ ይችላል።

ቀዳዳው ከተበየደ በኋላ ፊልተሩ በአዲስ ይለወጣል። ቀጥሎ አየሩና እርጥበቱ በቫኩም ፓምፕ ይመጠጣል። ይህ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ጥቂት እርጥበት ከቀረ እንደ ክር በቀጠነው ቱቦ ውስጥ በረዶ ሆኖ መንገድ ይዘጋል። ጥቂት ቀዝቅዞ የሚያቆም፣ ሲያርፍ ደግሞ የሚጀምር ፍሪጅ አንዱ ሕመሙ ይህ ነው።

ከዚያ ብቻ ጋዝ ይሞላል፤ የሚሞላውም በሚዛን ነው። ከፍሪጁ ጀርባ ወይም ከውስጥ በጎኑ በተለጠፈው ወረቀት ላይ የጋዙ ዓይነትና ልክ በግራም ተጽፏል። የቤት ፍሪጅ የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ከ150 ግራም አይበልጥም፣ 50 እና 60 ግራም የሚይዙም አሉ። ከሩብ ኪሎ ስኳር በጣም ያነሰ ነው። በ50 ግራም ላይ 10 ግራም ቢሳሳት አምስት አንድ እጅ ተሳሳተ ማለት ነው። ቢያንስ ፍሪጁ በደንብ አያቀዘቅዝም፤ ቢበዛ ሞተሩ ይጨነቃል፣ መብራትም ይበላል።

አንዳንድ ሠራተኛ በጌጅ ብቻ ይሞላል። በእኛ ከፍታ ይህ ያታልላል። ጌጅ የሚያሳየው የቱቦው ውስጥ ግፊት ከውጭው አየር በምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። የደብረ ብርሃን አየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው ወደ ሦስት አሥረኛ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ በትክክል የተሞላ ፍሪጅ እዚህ ሲለካ ጌጁ ከባሕር ዳርቻው በ4 ፒ ኤስ አይ ገደማ ከፍ ብሎ ይነበባል። በቤት ፍሪጅ ዝቅተኛ ግፊት ላይ 4 ብዙ ነው። ለባሕር ዳርቻ የተጻፈውን ቁጥር ይዞ እዚህ የሚሞላ ሰው ሳይሞላ «ሞልቷል» ብሎ ያቆማል። ልምድ ያለው ባለሙያ ይህን ያውቀዋል። ሚዛን ግን ከፍታ አያታልለውም፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ 60 ግራም የሆነ ደብረ ብርሃንም 60 ግራም ነው።

አሁን ስለ ጋዙ ዓይነት። ከተለጠፈው ወረቀት ላይ 134 ወይም 600 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። አንዱ በሌላው አይተካም። 134 በቀላሉ እሳት አይዝም፤ ወደ አየር ሲለቀቅ ግን ምድርን በማሞቅ አንዱ ኪሎ ከአንድ ሺህ ኪሎ የከሰል ጋዝ ይብሳል። 600 የሚለው ምድርን እምብዛም አያሞቅም፤ ግን ይቀጣጠላል። ነበልባል የተሳለበት ቢጫ ሦስት ማዕዘን ያለው ፍሪጅ ይህን ዓይነት የሚይዝ ነው። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳልና ወደ ወለል ይወርዳል። እኛ ደግሞ በብርዱ ምክንያት በር ዘግተን ከሰል ወለል ላይ እናነዳለን፣ ቡና እናፈላለን። ስለዚህ ጋዝ ሲነካ ፍሪጁ ወደ ግቢ ይውጣ። ካልተቻለ በርና መስኮት ይከፈት፤ ምድጃው፣ ከሰሉ፣ ዕጣኑም ሁሉ ይውጣ። ለባለሙያው ቡና የምናፈላው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። በማብሰያ ቡታጋዝ ፍሪጅ የሚሞላም አለ ይባላል። እሱ የተደባለቀ፣ ሽታ የተጨመረበት፣ ለዚህ ሥራ ያልደረቀ ጋዝ ነውና አትቀበሉት።

በጣም አሮጌ ፍሪጅ ያላችሁ ደግሞ 12 የሚል ቁጥር ታገኙ ይሆናል። ያ ጋዝ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጠብቀንን የኦዞን ሽፋን ይጎዳል። ለዚህም ሞንትሪያል ላይ በ1980 ዓ.ም መጀመሪያ (በፈረንጆቹ 1987) ዓለም ተስማምቶ ቀስ በቀስ እንዲቀር ወሰነ። ኢትዮጵያም በ1987 ዓ.ም (በፈረንጆቹ 1994) ስምምነቱን ተቀበለች። በማደግ ላይ ባሉ አገሮች ጭምር ምርቱ ከቆመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለዚህ «12 አለኝ» ለሚላችሁ ምን እንደያዘና ከየት እንዳመጣው ሳትጠይቁ ገንዘብ አትስጡ።

እኅቶቻችን፣ ይህን ሁሉ የተናገርነው ባለሙያ እንድንጠላ አይደለም። ቀዳዳ ፈልጎ፣ በይዶ፣ መጥጦ፣ መዝኖ የሚሞላ ሰው ግማሽ ቀን ይደክማል፣ ዋጋውም ይገባዋል። በአሥር ደቂቃ ሞልቶ ከሚሄደው ይልቅ እሱ ብዙ ቢያስከፍልም ይረክሳል። ሠራተኛው በር ላይ ሲደርስ በአክብሮት አራት ጥያቄ እንጠይቀው፦ ጋዙ በየት ወጣ? ፊልተሩን ትለውጣለህ? ቫኩም ፓምፕ ይዘሃል? ስንት ግራም ልትሞላ ነው፣ በምንስ ትመዝነዋለህ? ሥራውን የሚያውቅ ሰው በጥያቄው አይቆጣም።

ለድምፅ የምናቀርበውም ይህ ነው። አንደኛ፣ ማኅበሩ ለፍሪጅ ጥገና ብድር የሚሰጠው ቀዳዳው የተገኘበት ቦታ፣ የጋዙ ዓይነትና የግራሙ ልክ በደረሰኙ ላይ እንዲጻፍ አባሏ ስትስማማ ይሁን። ሁለተኛ፣ ግራም የሚለይ አንድ የዲጂታል ሚዛን ከጋራ ገንዘባችን ይገዛ፤ ሠራተኛው ሚዛን ከሌለው አባሏ ከኮሚቴው ተውሳ ትወስዳለች። ሚዛኑ ጋዝ በማይሞላበት ቀን ለቅቤ ይጠቅመናል። ሦስተኛ፣ ማንም አባል ለጋዝ ከመክፈሏ በፊት ከኮሚቴው አንዲት ሴት ጠርታ ሞተሩን አብረው ያዳምጡ። በግ ሸጣ የከፈለችው እኅታችን ፍሪጅ የመጀመሪያው ይሁን፤ በዚህ ሳምንት ሄደን እናየዋለን።

 ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁን፣ ከዚያ እጅ ወደ ማውጣቱ እንሂድ።