ሐሲዳ፤ ቸሪቱ የተባለች ወፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ በዛሬው ትምህርታችን አንዲት ወፍ በስሟ የምትሰጠንን ምክር እንመለከታለን። እኛ ሽመላ የምንላትን ወፍ ዕብራውያን «ሐሲዳ» ይሏታል። ይህ ስም «ሔሴድ» ከሚለው ቃል ጋር ዘሩ አንድ ነው፤ ሔሴድም ቸርነት፥ ምሕረት፥ የማይለወጥ ፍቅር ማለት ነው። እንግዲህ ሐሲዳ ማለት ቸሪቱ ማለት ነው።

ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 8 ቁጥር 7 ይህች ወፍ ጊዜዋን ስታውቅ ሕዝቡ ግን የእግዚአብሔርን ፍርድ ባለማወቁ ይወቅሰዋል። ይህ መጽሐፍ በጥንት ዘመን ወደ ጽርዕ ቋንቋ ሲመለስ ተርጓሚዎቹ ስሟን ሳይለውጡ «አሲዳ» ብለው ጻፉት። ዛሬም ሽመላዎች በየዓመቱ በብዙ መቶ ሺህ እየሆኑ በአውሮፓና በአፍሪካ መካከል ሲመላለሱ በእስራኤል ምድር ላይ ያልፋሉ።

ነገር ግን አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ቸሪቱ የተባለችው ወፍ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ቁጥር 19 ከማይበሉት አዕዋፍ ጋር ተቈጥራለች። ሕጉ ምክንያቱን አልገለጸም። በታልሙድ የሚገኙ የአይሁድ መምህራን ሐሲዳ መባሏ ለባልንጀሮቿ ቸርነት ስለምታደርግ ነው ብለዋል። ኋላ የተነሡ መምህራን ግን ከዚሁ ቃል ሌላ ምሥጢር አወጡ፤ ቸርነቷ ከባልንጀሮቿ ስለማያልፍ ከንጹሓን አልተቈጠረችም አሉ።

ምእመናን ሆይ፤ ይህ ትርጓሜ ለእኛ መስተዋት ነው። ለዘመዳችን ሠርግና ሐዘን ድንኳን እንተክላለን፤ ለማኅበርተኛችን ጠበል ጸዲቅ እናቀርባለን። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የማናውቀው ሰው ከደጃችን በቆመ ጊዜ እጃችን ከመዘርጋቱ በፊት አንደበታችን «አገርህ የት ነው? ወገንህስ ማነው?» ብሎ ይጠይቃል። በዚያች ሰዓት ቸርነታችን የሐሲዳ ቸርነት ይሆናል።

ጌታችንን ሕግ ዐዋቂው «ባልንጀራዬ ማነው?» ብሎ በጠየቀው ጊዜ፥ ጌታ የዘመድ ታሪክ አልነገረውም። ካህኑና ሌዋዊው አልፈውት የሄዱትን ቍስለኛ፥ አይሁድ የሚንቁት ሳምራዊ ዘይትና ወይን አፍስሶ፥ በአህያው ጭኖ፥ ስለ እርሱ ሁለት ዲናር እንደ ከፈለ ነገረው። ጠያቂውም ባልንጀራ ማለት ምሕረት ያደረገው መሆኑን ራሱ መሰከረ።

እንግዲህ ወፊቱን አንንቀፋት፤ እርሷ የተፈጠረችበትን ሥርዓት ትጠብቃለች። ወቀሳው በክርስቶስ ስም ለምንጠራው ለእኛ ነው። ዛሬ ከመምሸቱ በፊት ወገናችን ላልሆነ ለአንድ ሰው በጎ እናድርግ።

ቸርነቱ ለሁሉ የሆነ አምላክ ልባችንን ያስፋልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።