ሒሳብ ያዡ ከሽያጭ በፊት ይምከረን



ብዙዎቻችን የማኅበር ሒሳብ ያዥ ሥራው ደረሰኝ መቁረጥና ገቢና ወጪ መመዝገብ ብቻ ይመስለናል። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ የማኅበር ሒሳብ እንዲመረመር ያዛል። ይህ መልካም ነው። ዳሩ ግን ምርመራ የሚያሳየው ያለፈውን ነው። ከከሰርን በኋላ ቢነገረን፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

እስቲ ምሳሌ እንውሰድ። የሽንኩርት ዋጋ መርሳ ላይ በኪሎ 40 ብር፣ ወልድያ ላይ 44 ብር ነው እንበል። አንድ ኩንታል ወልድያ ብናደርስ 400 ብር የምናተርፍ ይመስለናል፤ አይደል? ሒሳብ ያዡ ግን እንዲህ ያስላልን፦

ለመኪና 120 ብር፣
ለጫኝና አውራጅ 80 ብር፣
በመንገድ 5 ኪሎ ቢበላሽ 220 ብር።
ድምር 420 ብር።

ታዲያ ትርፉ የታለ? ጭራሽ 20 ብር ከሰርን! ለካ መርሳ መሸጡ ይሻል ነበር።

ስለዚህ ሒሳብ ያዡን «ስንት ቀረን?» ብቻ አንበለው። «የት እንሽጥ? መቼ እንሽጥ?» እንበለው። በስብሰባም ሒሳቡን ጮክ ብሎ ያንብብልን። እኛም ዛሬ ቁጥር ለይተናልና፣ የየራሳችንን ወጪ በደብተር ጽፈን እንጠብቀው። ያልተጻፈ ወጪ ትርፍ ይመስላልና!