የመሸኛው ኬክ
(በተመራቂዎች ማኅበር የመገናኛ ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ቡታን ትንሽ አጫውቺን» ሲሉኝ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ተራራው አይደለም፤ የመሸኛ ኬክ ነው። ከ2022 እስከ 2024 በፈረንጆቹ አቆጣጠር (ሌሎቹንም ዓመታት በዚሁ ያዙልኝ) በዋና ከተማዋ በቲምፑ፣ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ሐኪም ሆኜ ሠርቻለሁ። በዚያ ጊዜ ስንት ኬክ እንደቆረስን ቆጥሬ አልዘልቀውም። ነርስ ስትሄድ ኬክ፣ የላብራቶሪ ባለሙያ ሲሄድ ኬክ። መድረሻቸው ደግሞ አንድ ነው፤ አውስትራሊያ።

ቡታን በሕንድና በቻይና መካከል ያለች፣ ሕዝቧ 800 ሺህ የማይሞላ የሂማላያ አገር ናት። ለኛ ሰው ቶሎ ትለመዳለች። የቲምፑ ከፍታ ከአዲስ አበባ ብዙም አይለይም። ዋናው ወጣቸው «ኤማ ዳትሺ» ቃሪያ በአይብ ነው። የቤት መጠጣቸው «አራ» ይባላል፤ አረቄን ያስታውሳል፣ ጉበት ላይ የሚሠራውም ሥራ ያው ነው። ከሕመምተኞቼ ብዙዎቹን ያመጣብኝ እሱ ነበር።

ዓለም ቡታንን የሚያውቃት አራተኛው ንጉሥ በ1970ዎቹ ባነሱት «ብሔራዊ ደስታ» በሚለው ሐሳብ ነው። እኔም ስሄድ «የቱሪስት ወሬ ነው» ብዬ ነበር። አይደለም። በ2008 የጸደቀው ሕገ መንግሥት መንግሥት መሠረታዊ ሕክምናን፣ ዘመናዊውንም ባህላዊውንም፣ በነጻ እንዲሰጥ ያዛል፤ ይሰጣልም። በ2021 ለኮቪድ ክትባት ብቁ ከሆኑት አዋቂዎች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት የመጀመሪያውን ዙር በሁለት ሳምንት ገደማ ተከትበዋል። የዚያን ጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ሎታይ ሼሪንግ ራሳቸው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ናቸው፤ በሥልጣን ላይ እያሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ኦፕራሲዮን ይሠሩ ነበር።

ታዲያ ከእንዲህ ዓይነት አገር ሰው ለምን ይሄዳል?

ቴሌቪዥንና ኢንተርኔት ቡታን የገቡት በ1999 ነው። የመጀመሪያው የፓርላማ ምርጫ በ2008። ሌላው አገር በረጅም ዘመን ያየውን እነሱ በአንድ ትውልድ አዩት። ትምህርት ቤታቸው በእንግሊዝኛ ስለሚያስተምር ወጣቱ ለውጭ አገር ዝግጁ ነው። አንዱ በተማሪ ቪዛ ይሄዳል፣ የትዳር ጓደኛው ይከተላል፣ ልጅ አያት ጋ ይቀራል።

ከዚህ በፊትም የሄዱ አሉ፣ ይህን ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኔፓልኛ ተናጋሪ ዜጎች በግፊት ከአገር ወጥተው፣ በኔፓል መጠለያዎች ቁጥራቸው ከ100 ሺህ አልፎ ነበር። እነሱን የሸኘ፣ ኬክ የቆረሰላቸው የለም።

አንድ ቀን የአንዲት አዛውንት ጉበት በጣም ተዳክሞ ስለ ቀጣዩ ሕክምና መወሰን ነበረብን። ልጃቸው ያለው ፐርዝ ነው። ነርሷ ስልኩን አልጋው ላይ አቁማ በቪዲዮ አገናኘችን። እኔ በእንግሊዝኛ እናገራለሁ፣ እሷ ለእናትየው ወደ ዞንግካ ትመልሳለች፣ ልጁ ስልኩ ውስጥ ያለቅሳል። ስንጨርስ ኮሪደሩ ላይ «ዶክተር፣ የኔም ቪዛ መጥቷል» አለችኝ። «እዚህ ደስተኛ አይደለሽም?» አልኳት። «ደስተኛ ነኝ። በዚህ ደመወዝ ግን ቤት አልሠራም» አለች። ምን እላታለሁ?

መንግሥትም ዝም አላለም። በ2023 የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ጨመረ። እስከዚያ ሐኪሞቹን ወደ ጎረቤት አገሮች ልኮ ሲያስተምር የቆየው፣ በዚያው ዓመት የራሱን የሕክምና ዲግሪ ትምህርት ጀመረ። በታኅሣሥ ወር ንጉሡ በደቡብ በኩል ጌሌፉ ላይ ወጣቱ ሥራ የሚያገኝበት አዲስ ከተማ እንደሚሠራ አስታወቁ። ውጤቱን ጊዜ ያሳየናል።

ያቺ ነርስ ከመሄዷ በፊት ለሦስት ሳምንት፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ሳይቀር፣ ተተኪዋን አሠለጠነች። ለኔም አንድ ደብተር ሰጠችኝ፤ «የት ያምዎታል?»፣ «ከመቼ ጀምሮ?»፣ «ማን ያስታምምዎታል?» የሚሉትን በዞንግካ፣ እኔ በማነበው ፊደል ጽፋልኛለች።

ደብተሩን ስቀበል አፈርኩ። ምክንያቱም እኔ ቡታን የሄድኩት ሌሎች የለቀቁትን ቦታ ልሞላ ነው፤ አገሬ ላይ የለቀቅኩትን ቦታ ግን ለማንም አላስረከብኩም። ሬዚደንቶቼ መሄዴን የሰሙት ከአውሮፕላን ማረፊያ በላክሁት በአንድ የቴሌግራም መልእክት ነው። ከመካከላቸው አንዷ በወሩ «ዶክተር፣ ዙሩን አሁን የምመራው እኔ ነኝ፣ እፈራለሁ» ብላ ጻፈችልኝ። የሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት ነበረች።

እዚህ ካለነው ስንቶቻችን ከውጭ እንደመጣን አውቃለሁ። ማንም እንዳይሄድ ለመምከር አልቆምኩም፣ አፉም የለኝ። ግን እዚሁ ትምህርት ቤት መምህሮቻችን ያስተማሩን የመጀመሪያው ሕግ ምን ነበር? ተረኛ ሳያስረክብ አይወጣም። ሌሊቱን ሙሉ ባይተኛም፣ እያንዳንዱን ሕመምተኛ በስሙ አስረክቦ ነው የሚወጣው።

እኔ ተመልሻለሁ፤ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ዙር አስተምራለሁ። ውጭ ያላችሁ በሳምንት አንድ ሰዓት በኢንተርኔት አንድ ኬዝ ከሬዚደንቶቻችን ጋር ብትወያዩ፣ ዘግይቶም ቢሆን ርክክብ ነው። መዝገቡ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ። ከመውጣታችሁ በፊት ስማችሁን ጻፉበት።