ከድንኳኑ በፊት ስላለው ደቂቃ

በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ በባለሱቅ አባላት ስም የቀረበ ንግግር



የበዓሉ አዘጋጆች እኛ ባለሱቆች እንድንናገር ሲጠይቁን ስለ ንግድና ስለ ስኳር ዋጋ የምናወራ መስሏቸው ይሆናል። እኛ ግን ተመካክረን ስለ አንድ ሐኪም ጡረታ መውጣት ልንናገር መጥተናል። ሐኪሙ የእኛ አገር ሰው አይደሉም። ነገራቸው ግን ይመለከተናል፤ እስከ መጨረሻው ብትታገሡን ምክንያቱን ትረዱታላችሁ።

ሰውዬው ፕሮፌሰር ሲድ ዋትኪንስ ይባላሉ፤ እንግሊዛዊ የአንጎል ቀዶ ጥገና ሐኪም ነበሩ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1978 ጀምሮ ፎርሙላ ዋን በሚባለው የመኪና እሽቅድምድም ላይ በሐኪምነት አገልግለው፣ በጥር 2005 ሥራውን ምክትላቸው ለነበሩት ለዶክተር ጋሪ ሃርትስታይን አስረከቡ። ወሬውን ያኔ የነገሩን ከመካከላችን መኪና የሚጠግኑት ወዳጆቻችን ናቸው። ማታ ሱቅ ዘግተን ቡና ልንጠጣ ስንሰባሰብ እኛ ኳስ ለማየት ስንጓጓ፣ እነሱ ቴሌቪዥኑን ወደ መኪና ውድድር እያዞሩ ያናድዱን ነበር። የዚህን ሐኪም ታሪክ ሲያጫውቱን ግን ሁላችንም ጸጥ ብለን አዳመጥን።

የዋትኪንስ አባት መጀመሪያ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ነበሩ። በኋላ ሊቨርፑል ከተማ ገብተው ብስክሌት በመጠገን ጀመሩና ወደ መኪና ጥገና አደጉ። ልጅየውም በአባታቸው ጋራዥ እየሠሩ ነው ተምረው ሐኪም የሆኑት። በዚህ አዳራሽ ውስጥ በዚሁ ዓይነት ሥራ ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ ያበቃ ስንት አባት እንዳለ እናንተው ታውቃላችሁ።

ዋትኪንስ ወደ ውድድሩ ሲገቡ ሐኪም እንደ እንግዳ የሚታይበት ጊዜ ነበር። በአንዳንዱ ሜዳ የሕክምናው ቦታ ከድንኳን አይሻልም ነበር። በዚያው በ1978 በመስከረም ወር፣ ጣሊያን አገር ሞንዛ በተባለው ሜዳ፣ ሮኒ ፒተርሰን የሚባል ስዊድናዊ ተወዳዳሪ ገና ውድድሩ ሲጀመር ተጋጨ። ጓደኞቹ ከእሳቱ ውስጥ ጎትተው አወጡት። ፖሊሶች ግን ሰው እንዳይጠጋ እጅ ለእጅ ተያይዘው አጥር ሠርተው ስለነበር ሐኪሙም ማለፍ አቃታቸው። አምቡላንስ እስኪደርስ ወደ 18 ደቂቃ ፈጀ። ፒተርሰን በማግስቱ አረፈ።

ዋትኪንስ አልቅሰው ዝም አላሉም። ለሚቀጥለው ውድድር የማደንዘዣ ሐኪም፣ ሐኪም የምታደርስ ፈጣን መኪናና ሄሊኮፕተር ይዘጋጅ አሉ። በመጀመሪያው ዙር የሐኪሟ መኪና ተወዳዳሪዎቹን ከኋላ እየተከተለች እንድትሄድ ተደረገ። ሁሉም ተጠጋግተው በሚነሡበት ሰዓት ግጭት ስለሚበዛ፣ ሐኪሙ ተጠርቶ ሳይሆን አስቀድሞ እዚያው እንዲገኝ ነው። ሄሊኮፕተሩ ለመብረር ዝግጁ ካልሆነ ውድድሩ እንዳይጀመር እስከማድረግ ተደረሰ።

እዚህ ላይ የራሳችንን ነገር እናንሣ።

ዓመቱን መጥራት አያስፈልግም፤ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። የሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ነበር። እኛ ከመተማ ቡና፣ በርበሬና አንድ ጣቃ አቡጀዲ ጭነን በገላባት በኩል ወደ ገዳሪፍ ስንመለስ፣ ዶካን እንዳለፍን ከፊታችን ሠራተኛ ጭኖ ይሄድ የነበረ ቦክስ ጎማው ፈንድቶ ተገለበጠ። ልጆቹ ለአጨዳ ከአገር ቤት የመጡ ነበሩ። ሮጠን ደረስን። አንዱ ከጭኑ ደም ይፈስሰዋል። ውኃ አጠጣነው፣ ፊቱን አጠብነው፣ «አይዞህ» አልነው። ቁስሉን በጨርቅ ጭምቅ አድርጎ የያዘለት ግን አልነበረም። ሌላው ከአርማጭሆ የመጣ፣ ዕድሜው ከሃያ የማይበልጥ ልጅ ነው። ስንደርስ ጀርባውን ያመው ነበር እንጂ እግሩን ያንቀሳቅስ ነበር። አንዳችን በብብቱ፣ ሌላችን በእግሩ ይዘን እንደ ማሽላ ጆንያ አንሥተን ዕቃው ላይ ጫንነው። መንገድ ላይ «እግሬን አልሰማውም» አለን።

የመጀመሪያው ልጅ ገዳሪፍ ሳንደርስ አረፈ። ከዚያው ይዘነው ከመጣነው ጣቃ ላይ ቀደን ገነዝነው። ያ ሁሉ ጨርቅ አጠገቡ ነበር። ሁለተኛውን የተቀበለን ሐኪም «ማነው ያነሣው? እንዴት አድርጋችሁ ነው ያነሣችሁት?» ብሎ ጠየቀን። መልስ አልነበረንም። ልጁ በሕይወት ተርፎ በሰው ሸክም ወደ እናቱ ተመለሰ። ጉዳቱ ቀድሞም ከአደጋው የመጣ ይሁን፣ እኛ እናባብሰው፣ ፈጣሪ ይወቅ። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ ከእኛ ጋር ነው።

ለሟቹ ዕድራችን ያደረገውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በሰዓቱ ድንኳን ተተከለ፣ ሦስት ቀን ቡና ተፈላ፣ እንጀራ ተጋገረ፣ ለቤተሰቡ ገንዘብ ተዋጣ። ማንም አልሰሰተም። ይህ ወጋችን ነው፤ እንኮራበታለንም። እኛ ግን ባለሱቆች ነንና መቁጠር ልማዳችን ነው። በሦስቱ ቀን የወጣው የስኳርና የቡና ዋጋ ብቻ ቃሬዛና አንድ ሣጥን የቁስል ማሰሪያ ይገዛ ነበር። ለመቅበር የተደራጀን ሰዎች ለማትረፍ አልተደራጀንም። ልንል የመጣነው ይህንኑ ነው።

ወደ ሐኪማችን እንመለስ። በ1994 በሚያዝያ 30 እና በማግስቱ፣ ኢሞላ በተባለው ሜዳ ሮላንድ ራትዘንበርገርና አይርተን ሴና ሞቱ። ሴና የዋትኪንስ የቅርብ ወዳጅ ነበር፤ መሬት ላይ አስተኝተው የረዱትም እሳቸው ናቸው። ሐዘናቸው ከባድ ቢሆንም ሥራቸውን አልተዉም። የባለሙያዎች ቡድን ሰብሳቢ ሆነው የተወዳዳሪው መቀመጫ ዙሪያ፣ የሜዳው አጥር፣ የራስ ቁሩ ሁሉ እንዲመረመር አደረጉ። አንገትን የሚይዘው መሣሪያም ከ2003 ጀምሮ ግዴታ ሆነ። ከሴና በኋላ እሳቸው በ2005 እስኪለቁ፣ ከዚያም አልፎ በመስከረም 2012 እስኪያርፉ ድረስ፣ በፎርሙላ ዋን ውድድር ላይ የሞተ ተወዳዳሪ አልነበረም። በ2014 ዡል ቢያንኪ ጃፓን ላይ ተጋጭቶ በ2015 ሲሞት ግን ሥራው እንዳላለቀ ሁሉም አወቀ።

ስለ ጡረታቸው የሚያስደንቀን ሌላም ነገር አለ። እሳቸው ሄዱ፣ የሐኪሟ መኪና ግን በመጀመሪያው ዙር መከተሏን አላቆመችም። ተተኪያቸው ለዓመታት አጠገባቸው የሠሩ ሰው ነበሩ። የእኛንም ማኅበር የመሠረቱት አባቶች ዛሬ በክብር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ብዙዎቹ መጀመሪያ ያረፉት ተዋዋ የስደተኞች ሠፈር ነበር። ለልጆቻችን ሲያስረክቡ የዕድሩን መዝገብና የድንኳኑን ቁልፍ ብቻ እንዳይሆን እንመኛለን።

«እነሱ ሄሊኮፕተር አላቸው፤ እኛ ምን አለን?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። ከገዳሪፍ እስከ ገላባት ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በክረምት ዋልካው ሲጨቀይ ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ ወዳለው እርሻ ከትራክተር በቀር የሚገባ የለም። ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት ከካርቱምና ከመዳኒ ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሎ ወደዚህ መጥቶ፣ የሐኪሙም የመድኃኒቱም ችግር ከብዷል። ነገር ግን ርዳታ የሚርቅበት ሰው ነው የመጀመሪያዋን ደቂቃ በራሱ መቻል ያለበት። አገር ቤትም ምሳሌ አለን። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የማደንዘዣ ነርስ የነበሩት አቶ ክብረት አበበ የራሳቸውን ቤት ሸጠው አምቡላንስ በመግዛት ጠብታ አምቡላንስን አዲስ አበባ ላይ መሥርተዋል። ስሙም ጠብታ ነው፤ በጠብታ ይጀመራል።

በመሆኑም በዚህ በዓል ላይ ሦስት ነገር እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ በየዓመቱ አጨዳው ከመጀመሩ በፊት ወጣቶቻችንና ሾፌሮቻችን ከቀይ ጨረቃ ወይም ከሐኪሞች የመጀመሪያ ርዳታ ትምህርት ይውሰዱ። ደም የሚፈስሰውን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን፣ እሳት ወይም ሌላ አደጋ ከሌለ የወደቀውን ሰው ዝም ብሎ አለማንሣት፣ ማንሣት ግድ ከሆነም ራሱንና አንገቱን ከአካሉ ጋር ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ትንፋሹን መከታተል፣ ውኃ ለማጠጣት አለመቸኮል። ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሁለተኛ፣ ከዕድሩ መዋጮ ትንሽ ተቀንሶ ቃሬዛና የቁስል ማሰሪያ ሣጥን ይገዛ። የማስቀመጫውን ቦታ እኛ ባለሱቆች እንሰጣለን። የሱቃችን ቁልፍ ሌሊትም ቢሆን ይገኛል።

ሦስተኛ፣ በየሠፈሩ መኪና ያለው ሰው ስምና ስልክ ተጽፎ በዕድሩ ቤት ይለጠፍ። በአጨዳው ሰሞን ተረኛ መኪና ነዳጅ ሞልታ ትደር።

ድንኳኑ ይቀመጥ፣ አይጣል፤ ሞት አይቀርም። ቃሬዛው ግን ከድንኳኑ ቀድሞ ይውጣ። ያ የአርማጭሆ ልጅ ዛሬ በሕይወት ካለ፣ ከእሱ በኋላ የወደቀውን ሰው እንዴት እንዳነሣን ቢጠይቀን ሳናፍር የምንመልስለት ይኑረን።