አህያዋ ስታረጅ የት ትሂድ?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሥራ አስፈፃሚው ስም የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ላይ ከለጋሾቻችን አንዷ ጥያቄ ጠይቀውን ነበር። «ለአንዲት እናት የአህያ መግዣ እንሰጣለን፤ ፎቶግራፉም ይላክልናል፤ ደስ ይለናል። ግን አህያዋ አርጅታ መሥራት ሲያቅታት የት ትሄዳለች?» አሉን። አዳራሹ ውስጥ ትንሽ ሳቅ ተሰማ። የሳቁትም ቢሆኑ መልሱን ያውቁታል። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ሜዳ ላይ ትለቀቃለች፤ ማታ የጅብ ድምፅ ይሰማል፤ ጠዋት ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ ሬሳ ማን ጣለ እያለ ይቆጣል።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚሁ ነው። በአጀንዳው ተራ ቁጥር 4 የተያዘው የብድር ውል ማሻሻያም ከዚሁ የመጣ ስለሆነ፣ ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ነገሩን ከሥሩ ብናስረዳችሁ ይሻላል ብለናል።

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ሲባል እየሰማች ያላደገች ሴት በመካከላችን የለችም። ተረቱ የሚሰድበው ባልየውን ነው ወይስ ሚስቲቱን የሚለው ቡና ላይ ሁልጊዜ ያከራክረናል። ስለ አህያዋ ግን ማንም ተከራክሮ አያውቅም፤ የጅብ ናት ተብሎ አልቋል። ይህችው አህያ ናት እንግዲህ ከቦኖ ውኃ በጀሪካን የምታመጣልን፣ ጌሾውንና ብቅሉን ከገበያ፣ እህሉን ወደ ወፍጮ የምታደርስልን። አህያ ከመግዛቷ በፊት ውኃውን በጀርባዋ ታመጣ የነበረች ሴት ልዩነቱን በወገቧ ታውቀዋለች። አገራችን በዓለም ላይ ብዙ አህያ ያላት ናት፤ ቁጥሩ ወደ 10 ሚሊዮን ገደማ ይደርሳል። ያን ያህል እንስሳ ያላት አገር ላረጀው እንስሳ ያዘጋጀችው ቦታ ሜዳው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ምግባረ ሰናይ ድርጅቶቹ እንምጣ። አባሎቻችን በተለያየ ጊዜ ለእንስሳት ደኅንነት ከሚሠሩ ድርጅቶች ጋር ተገናኝተዋል። የአብዛኞቹ ታሪክ መልካም ነው። ሐኪሞቹ በገበያ ቀን መጥተው ያለ ክፍያ ያክማሉ፤ ሰኮና ይሞርዳሉ፤ የትል መድኃኒት ያጠጣሉ። የአህያ ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ እንደሚያድግ፣ ጠርዙ ሲሾል ምላስና ጉንጯን እንደሚያቆስላት፣ ስለዚህም የከሳችው ምግብ አጥታ ሳይሆን ማኘክ አቅቷት ሊሆን እንደሚችል የነገሩን እነርሱ ናቸው። አንዲት እናታችን ልትሞት ነው የተባለች አህያቸው ጥርሷ ተሞርዶ በሦስተኛው ሳምንት ጭድ ስትበላ አይተው «እኔን ማን ይሞርደኝ» ማለታቸውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ።

ስለ ገጣባም ብዙ ተምረናል። ጀርባ የሚገጥበው ጭነቱ በከበደበት ብቻ አይደለም። መጫኛው ሲቆርጥ፣ መደላድሉ ሲያንስ፣ ጭነቱ በቀጥታ አከርካሪው ላይ ሲያርፍም ነው። በጆንያ ውስጥ ጭድ ሞልቶ፣ መካከሉን ክፍት ትቶ፣ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ እንዲያርፍ መስፋት ከአንድ ቀን ሥራ አይበልጥም፤ የልብስ ስፌት ቡድናችን አሁን በትእዛዝ ይሰፋል። ቁስል ላይ የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባት ይጎዳል እንጂ አያድንም፤ በጨው ውኃ ማጠብ ይሻላል። ስለ ሚዛኑም እናንሳ፤ አንድ ኩንታል የሚጫንባት አህያ የራሷ ክብደት ከዚያ ብዙም አይበልጥም።

መልካም ያልነበረም አለ። አንዲት አባላችን ባላቸው ከሞቱ በኋላ አዲስ አበባ ወዳለችው ልጃቸው ለመግባት ወሰኑ። ልጅቷ የምትኖረው በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት አብራቸው የሠራች አህያ ነበረቻቸው። በአንድ ድርጅት በራሪ ወረቀት ላይ ለምለም ሣር የሚግጡ አህዮች ሥዕል አይተው ስለነበር፣ ያንን ወረቀት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ስልክ አስደወሉ። የተመለሰላቸው መልስ «እንስሳ አንቀበልም» የሚል ሲሆን፣ ንግግሩ በሁለት ደቂቃ አለቀ። እናታችን ለብዙ ጊዜ ይህንን ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። «ሣሩ ለማን ነው ታዲያ?» ይላሉ።

ይህ ጥያቄ መልስ የሚገባው ስለሆነ ሥራ አስፈፃሚው ጠይቆ ለማወቅ ሞክሯል። ሣሩ ያለው እንግሊዝ አገር ነው። እዚያ የአህዮች መጠለያ የሆነውን «ዶንኪ ሳንክቹዋሪ» የሚባለውን ድርጅት በ1969 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ኤልዛቤት ስቬንድሰን የሚባሉ ሴት ናቸው። ሥራው በጥቂት አህዮች ተጀምሮ ሳለ በ1974 እ.ኤ.አ. አንዲት ሌላ አህያ ወዳድ ሴት ሲሞቱ 204 አህዮች በኑዛዜ ተዉላቸው። እስቲ አስቡት! እኛ አንድ ዕቁብ ሲወረስ እንጣላለን። ሴትዮዋ ተቀበሉ፤ ድርጅቱም አደገ፤ በኋላም ወደ አገራችን መጥቶ ቢሾፍቱ ካለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ጋር ሆኖ መሥራት ጀመረ።

እዚህ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በእንግሊዝ አህያ ጥቂት ነው፤ ሥራዋም ጭነት አይደለም። 10 ሚሊዮን አህያ ባለበት አገር በር ተከፍቶ «ያረጀውን አምጡ» ቢባል መጠለያው ቶሎ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ማን ያበላዋል? ለመቶ ያረጁ አህዮች ጭድ የሚገዛው ገንዘብ እየሠሩ ያሉ ብዙ ሺህ አህዮችን ያክማል። ይህን ስሌት እኛም ገንዘብ የምንቆጥር ሰዎች ስለሆንን እንረዳዋለን። የማንረዳው በሁለት ደቂቃ መነገሩን ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ከእንስሳ ጋር የኖረች ሴት ቢያንስ ምክንያቱ ይነገራት ነበር፤ ወደ ሌላ ሰው የሚያደርስ መንገድም ቢጠቆማት ምን ነበረበት። እዚህ ያላችሁ የድርጅት ሰዎች ይህንን በቅያሜ እንዳትወስዱብን፤ ለሥራችሁ ይጠቅማል ብለን ነው።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እንበል፤ ሴቶች ስለሆንን ደስ ብሎናል። ለሥራ እንስሳት ከሚያገለግሉት ስመ ጥር ድርጅቶች ሦስቱን የመሠረቱት ሴቶች ናቸው። ስፓና የተባለውን በ1923 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ሰሜን አፍሪካን ዞረው ያዩ እናትና ልጅ፣ ኬትና ኒና ሆሳሊ ናቸው። ብሩክ የተባለው ድርጅት ደግሞ የዶረቲ ብሩክ ነው። እርሳቸው በ1930 እ.ኤ.አ. ካይሮ ሲደርሱ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ያገለገሉና ጦርነቱ ሲያበቃ እዚያው የተሸጡ የእንግሊዝ ጦር ፈረሶችን አጥንታቸው ወጥቶ ጋሪ ሲጎትቱ አገኟቸው። ለጋዜጣ ደብዳቤ ጽፈው ገንዘብ አሰባሰቡ፤ በጥቂት ዓመታትም ወደ 5,000 የሚጠጉ ፈረሶችን ገዙ። በ1934 እ.ኤ.አ. ካይሮ ላይ የፈረስ ሆስፒታል ከፈቱ።

ታዲያ እነዚያን ፈረሶች ምን አደረጓቸው? አብዛኞቹን ጥቂት ቀን አሳርፈው፣ አብልተው፣ ያለ ሥቃይ እንዲሞቱ አደረጓቸው። የገዟቸው በዕድሜ ሊያኖሯቸው አልነበረም። ፈረሶቹ ያንን ዕድሜ በጋሪ ጨርሰውት ነበርና።

ይህ ወደ ከባዱ ነገር ያመጣናል፤ በመርፌ ማሳረፍ ወደሚባለው። በዚህ ጉዳይ በመካከላችን ስምምነት የለም፤ አለ ብለን አንዋሻችሁም። አንዳንድ እናቶቻችን «ነፍስ የሰጠ አምላክ እስኪወስዳት እንጠብቃለን እንጂ ሐኪም ምን አግብቶት» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ታዲያ ጅብ ምን አገባው?» ብለው ይመልሳሉ። የሥራ አስፈፃሚው አብዛኞቹ አባላት ሁለተኛውን ሐሳብ እንደግፋለን። አህያ ሜዳ ላይ መልቀቅ ለእግዜር መተው አይደለም፤ ጅብ ከኋላ በኩል ቁማ እያለች እንደሚጀምር ሁላችንም እናውቃለን። ሐኪሙ ግን መጀመሪያ በማደንዘዣ ያስተኛታል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አታውቀውም። ከዚያ በኋላ ጥልቅ ጉድጓድ ያስፈልጋል፤ በዚህ መድኃኒት የሞተ እንስሳ ሥጋ ውሻም ጅብም ጥንብ አንሣም ሊገድል ይችላልና። ማንም አባል በዚህ አይገደድም። ይህንን በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ ጠይቀናል።

ሌላው መንገድ ለማያውቁት ነጋዴ መሸጥ ነው። ያረጀች አህያ ዋጋ የላትም ስንል የነበርን ሰዎች፣ በመካከል ዋጋ ያላት መሆኑን ሰማን። ዋጋው የቆዳዋ ነው። ቻይና ውስጥ ኤጂያዎ የሚባል የባህል መድኃኒት አለ፤ ከአህያ ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣ ሙጫ መሰል ነገር ነው። ለዚሁ ሲባል በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ተከፍቶ፣ ሕዝቡ ስለተቃወመ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው አህያን ለቆዳዋ ማረድ በመላው አህጉር ለ15 ዓመት እንዲቆም ወስነዋል። ውሳኔ ግን በየገበያው በረት አይቆምም። አህያ በብዛት ወደ ቄራ በሄደባቸው አገሮች ዋጋዋ ጨምሮ፣ የሞተችባት ወይም የተሰረቀችባት ሴት መተካት አቅቷት ውኃውን እንደገና በጀርባዋ ማምጣት ጀምራለች። ስለዚህ «ያረጀ አህያ እገዛለሁ» እያለ በየቤቱ ለሚዞር ሰው አትሽጡ፤ ለሚሠራባት ለምታውቁት ሰው ይሁን።

ሦስተኛው መንገድ ለአዲስ ባለቤት ማስተላለፍ ነው። የመጀመሪያው ሙከራ ለሁላችንም ትምህርት ሰጥቷል። አንዲት እኅታችን ጉልበቷ የደከመ አህያዋን «ለልጆቼ መጫወቻ» ላለ ሰው በነፃ ሰጠች። በወሩ አህያዋ ድንጋይ ተጭና ኮብልስቶን በሚነጠፍበት መንገድ ላይ ታየች። ሰውየው «የእኔ ናት» አለ፤ በእርግጥም የእርሱ ናት፤ የተጻፈ ነገር የለም። እኅታችን ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ መንገድ አልሄድ ብላ በሌላ ዙሪያ ትመጣለች።

ከዚያ ወዲህ አባላት በመካከላቸው ያደረጉት ግን ሠርቷል። አዲስ አበባ የገቡትን እናታችንን አህያ የወሰደችው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የምትኖረው አባላችን ናት። የምታሠራት በቀን አንድ ጊዜ ሁለት ጀሪካን ብቻ ነው፤ ከጠላ ንግዷ የሚተርፈውንም አተላ ታበላታለች። ሁለቱ ሴቶች የተፈራረሙት ወረቀት ግማሽ ገጽ ነው፦ ጭነቱ ስንት እንደሆነ፣ መሸጥ እንደማይቻል፣ ከታመመች ለማን እንደሚደወል። እናታችን ለዓመት በዓል ሲመጡ መጀመሪያ የሚገቡት ጋጣ ነው፤ ባለቤቲቱም ቡናውን እዚያው ታመጣላቸዋለች።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሁለት አህዮች አብረው የኖሩ ከሆነ አትለያዩአቸው። አህያ ጓደኛዋን ስታጣ መብላት ታቆማለች፤ መብላት ስታቆም ደግሞ የሰውነቷ ስብ ወደ ደሟ ገብቶ በጥቂት ቀናት ሊገድላት ይችላል። እንግሊዝ አገር ያለው ድርጅትም ለቤተሰብ ሲሰጥ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ነው። አንዷ ከሞተችም ሌላዋ ሬሳውን እንድታየውና እንድታሸተው ጥቂት ሰዓት ተዉላት፤ ካላየች ስትፈልጋት ትከርማለች።

ወደ አጀንዳው እንመለስ። አሁን ባለው ውል አንዲት አባል ከተዘዋዋሪ ብድሩ አህያ ስትገዛ በሦስት ዓመት ትመልሳለች። የምናቀርበው ማሻሻያ በየሳምንቱ ከሚከፈለው ላይ 10 ብር ለአህያዋ እርጅና እንዲቀመጥ ነው። በሦስት ዓመት 1,560 ብር ይሆናል። ብዙ አይደለም፤ ጭድ ለረጅም ጊዜ አይገዛም። ግን የሐኪም መጓጓዣና የጉድጓድ ቆፋሪ ዋጋ ሲመጣ እጅ ባዶ አይሆንም፤ አህያዋን የምትረከብ አባልም ለመጀመሪያው ክረምት መኖ የሚሆን ነገር ታገኛለች። አህያዋ ሳታረጅ በድንገት ብትሞት ገንዘቡ ለባለቤቲቱ ይመለሳል።

ደጋፊዎቻችንን የምንለምነው አንድ ነገር ነው። ለአህያ መግዣ ስትሰጡ፣ ከአሥሩ አንዱን እጅ ለኋለኛው ዕድሜዋ ብላችሁ ለይታችሁ ላኩ። ለዚህኛው የሚላክላችሁ ፎቶግራፍ ያን ያህል የሚያምር አይሆንም፤ ጆሮዋ የወደቀ፣ ጥርሷ ያለቀ አሮጊት አህያ በአንዲት ሴት ደጅ ፉርሽካ ስትበላ ነው የምታዩት።

ለመረከብ ፈቃደኛ የሆናችሁ አባላት ስማችሁን፣ የጋጣችሁን ስፋትና የምታሠሩትን ሥራ ለጸሐፊያችን አስመዝግቡ። ቅጹ በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ማንበብ ለሚያስቸግራቸው እናቶች ጸሐፊዋ ታነብላቸዋለች። ድምፅ የሚሰጠው ከቡና በኋላ ነው። የመርፌውን ነገር የምትቃወሙ እናቶች አስቀድማችሁ ሐሳባችሁን እንድትናገሩ ጊዜ ተይዞላችኋል።