ያረጀ የቤት እንስሳ ሲሰናበተን
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዕድራችን የቆመው ሰው ሲሞት ለመቅበርና ሐዘንተኛውን ለማጽናናት ነው። ታዲያ ዛሬ ስለ ውሻና ስለ ላም አሟሟት እንናገር ስንል «ምነው፣ ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት ወግ ነው?» የሚል አይጠፋም። ለውሻ ድንኳን ይተከል፣ ጥሩምባ ይነፋ አላልንም። የሰው ክብር የሰው ነው። ነገሩ ግን የቤታችንን ጤናና የልጆቻችንን ልብ ስለሚነካ ጥቂት ታገሡን።

እንደሚታወቀው በጋሞ ደጋ ላም የምታድረው ከእኛው ጋር ነው። በዶርዜው የቀርከሃ ቤት ውስጥ የከብቱ ቦታ ከምድጃው ብዙም አይርቅም። ትንፋሽዋ ለብርዱ ሙቀት፣ ፍግዋ ለእንሰቱ ምግብ ነው። ውሻውም በጉምና በጨለማ ጅብ ሲከላከል ኖሮ ያረጃል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ብለን ታማኝነቱን እንመሰክራለን፤ ጥርሱ ሲረግፍ ግን ጅብ ይጨርሰው ብለን ገደል አፋፍ ጥለነው የምንመለስ አለን። ላሜ ቦራን እየተረክን ልጅ ላሳደግን ሰዎች ይህ አያምርብንም።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ብርዱን መከላከል ነው። ደረቅ ገለባ ይነጠፍለት፤ ሲረጥብ ይለወጥ። መነሣት ያቃተው እንስሳ በአንድ ጎኑ ብቻ ከተኛ ይቆስላል፤ በቀን ደጋግሞ ማገላበጥ ያስፈልጋል። ላም ከሆነች በደረቷ እንድትተኛ በገለባ እንደግፋት፤ በጎኗ ተዘርግታ ከቆየች ሆዷ ይነፋል።

ሁለተኛ፣ ውኃ በአጠገቡ ይቀመጥ፤ ለውሻው ቀጠን ያለ ገንፎ ይቅረብለት። እምቢ ካለ ግን በግድ አንጋት፤ ወደ ሳንባው ይገባል።

ሦስተኛ፣ ሥቃዩ ከበዛ የእንስሳት ሐኪም ይጠራ። መርዝ ማብላት ግን ሥቃይ መጨመር ነው፤ ሬሳውን የበላ ሌላ እንስሳም ያልቃል።

አሁን አጥብቀን የምናሳስበው አለ። ውሻው ጠባዩ በድንገት ከተለወጠ፣ ለሃጩ ከተዝረከረከ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ያገኘውን ከነከሰ እርጅና ነው አትበሉ። ማንም አይንካው፤ ለጤና ጣቢያና ለእንስሳት ሐኪም ይነገር። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ክትባት ወዳለበት ይሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

እንዲሁም ከብት በድንገት ሞቶ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም ከወጣ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። «ሳትሞት እንባርካት፣ ሥጋው ይትረፍ» የሚለው ልማድ እዚህ ላይ ሰው ይገድላል። ቆዳው አይገፈፍ፣ ሥጋው አይበላ፣ ሬሳው አይከፈት። በሽታው አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያልና የእንስሳት ሐኪም እስኪመጣ ልጆችም ውሾችም አይጠጉት።

ሬሳ ወንዝ ውስጥ መጣልም ይቅር። ከደጋችን የሚወርደው የሐሬ ወንዝ አባያ ሐይቅ እስኪደርስ በመንገዱ ስንት ሰው ይጠቀምበታል!

ስለ ስንብቱም አንድ ቃል እንበል። ልጆችን «ጠፍቶ ነው» እያልን አናታል፤ ሲጠብቁት ይከርማሉ። መሞቱን እንንገራቸው፤ በበሽታ ካልሆነ ይሰናበቱት፣ ሲቀበርም ይዩ። ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ወይም ባልቴት ውሻው ሲሞትበት «ውሻ እኮ ነው» ብለን አንሳቅ። ማታ ማታ በሩ ላይ የሚጠብቀው እሱ ብቻ ነበረ። ጎራ ብለን ቡና አብረን ብንጠጣ ምን ይጎድልብናል?

በመጨረሻም ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ የዕድራችን አካፋና ዶማ ለዚህም ሥራ እንዲውል፣ ጉድጓዱ ከምንጭ ርቆ ጅብ እንዳያወጣው በጥልቀት እንዲቆፈር፣ አቅም ለሌለውም ጎረምሶቻችን እንዲያግዙት ይወሰንልን። ወጪ የለበትም፤ የሚጠይቀው ጉልበትና ቅን ልቦና ብቻ ነው።